ቀንበር የለመደው ካርድ

አባቴ ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው፣ ስልሳ ሺህ ብር በመቀነታቸው ቋጥረው መካነ ኢየሱስ ከተማ ሲመጡ፣ ጌም ቤቴ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ጨዋታውን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ተቃጥሏል። ደንበኞቼ መንገዱን ተሻግረው ተፎካካሪዬ እንዳልካቸው ጌም ቤት ይጫወታሉ።

"ጌም ቤቱ በሚያስገባው ስንዴው ሳይዘራ ሌላ በሬ እንገዛለን፣ አባባ" ብያቸዋለሁ።

በደብተሬ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ጽፌ አሳየኋቸው። አዲሱ ስልሳ ሺህ ብር ነው፤ በኳስ ጨዋታው በሰከንድ ሰባ ፍሬም ይሰጣል፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው። ያገለገለው ሃምሳ አምስት ሺህ ነው፤ በዚያው ጨዋታ መቶ አሥር ፍሬም ይሰጣል፣ ዋስትና የለውም። የሁለቱንም ቪዲዮ አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ልኮልኛል።

"ፍሬም ምንድን ነው?"

"በአንድ ሰከንድ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሲበዛ ጨዋታው አይንገጫገጭም።"

"ታዲያ ይኸ አሮጌው በዋጋ ረክሶ በጉልበት በልጦ? ምን ነክቶት?"

የነካውን አውቅ ነበር። ነጋዴው በስልክ ጽፎልኛል፦ ሁለት ዓመት ክሪፕቶ የሚሉትን ዲጂታል ገንዘብ ሲያመርት፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሠራ ነው።

"ሠርቷል" አልሁ። "ሥራ ለምዷል።"

አባቴ ሳቁ። "እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ወይፈን ገዝቶ ማን ያርሳል? ለመግራት ብቻ አንድ ክረምት ይበላሃል። ቀንበር የለመደውን ውሰድ።"

"ካርድ እኮ አይገራም፣ አባባ።"

"ያልተገራ ሲሠራ አላየሁም። አንተንስ ስንት ዓመት ገራሁህ? ይኸው እስከ ዛሬ ታፈነግጣለህ።"

ካርድ ከሥራ የሚያተርፈው ድካም ብቻ እንደሆነ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ግን የእንዳልካቸው ካርድ ሰማንያ ፍሬም ነበር። እኔ መቶ አሥሩን ፈለግሁ።

ካርዱ በአውቶቡስ መጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ሞላ። እንዳልካቸው ራሱ በር ላይ ቆሞ አይቶ ሄደ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመሮች ወጡ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ነጋዴው ጋ ደወልሁ።

"ሌት ተቀን የሠራ ነው ብዬህ የለም እንዴ፣ ወንድሜ?" አለና ዘጋው።

ዝናቡ ጠንክሮ ገጠር ስወርድ፣ አባቴ አንዱን በሬያቸውን ይዘው ከጎረቤታችን ከክንዱ ጋር መቀናጆ ገብተው ነበር። ክንዱም ያለው አንድ በሬ ነው። ሁለቱን ጠምደው በተራ ያርሳሉ፤ ዕጣው ለክንዱ ወጥቶ የእሱ ማሳ ይቀድማል። የእኛ ገና አልተነካም፤ አረም ለብሶ ውሃ ቋጥሯል። ለስንዴ የቀረው ጊዜ ጥቂት ቀን ነበር።

ክንዱ ገና ከሩቅ አይቶ በስሜ ጠራኝ። "ደጉ! ያ ሣር የማይበላው በሬህ ሞተ አሉ?"

"ልጁን ተወው!" አሉ አባቴ። ሲቆጡ የሰማኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። "እሱ አዲሱን ነበር የፈለገው። ከማላውቀው ገብቼ ያሳሳትሁት እኔ ነኝ።"

ክንዱ አፍሮ ወደ እኔ ዞረ። "እውነት ነው?"

አባቴም አዩኝ።

"አዎ" አልሁ።

ክንዱ ጅራፉን አነሣ። በሬዎቹ ወደ እሱ ማሳ ታጠፉ፣ አባቴም ከኋላቸው ጭቃውን እየረገጡ ተከተሉ።