የፒያኖ ቃኚው ትኬት

ጠዋት የአዳራሹን ፒያኖ ቃኝቼ የወጣሁት በጓሮ በር ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ኮንሰርቱን ልሰማ ትኬቴን ቆርጬ፣ መሬቱን በበትሬ እየዳሰስኩ በፊት ለፊት በር መጣሁ። ዘበኛው ደረቴ ላይ እጁን አደረገ።

«ዓይነ ስውር ያለ ረዳት አይገባም» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ከኋላዬ ለተሰለፈችው ሴትዮ።

«እኔ አላውቃቸውም» አለች ሴትዮዋ።

«ወንድሜ፣ እምቢ ያለኝ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ለእኔ ንገረኝ» አልኩት።

«ለእርስዎው ደህንነት ነው፤ መመሪያ ነው።»

«ጠዋት ለሥራ ስገባ መመሪያው የት ሄዶ ነበር?»

ድምፄን አላነሳሁም፤ ከበሩም ንቅንቅ አላልኩም። ዘበኛው ቢቸግረው የአዳራሹን ሥራ አስኪያጅ ጠራ። ሲጥ ሲጥ ከሚለው ጫማው ገና ከሩቅ አወቅሁት።

«አባቴ፣ ይረዱን እንጂ። ድንገት መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናሉ?» አለኝ።

«ባለፈው ማክሰኞ ፒያኖውን ስቃኝ መብራት ጠፍቶ ነበር» አልኩ። «ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ሲዳብሱ፣ እጅዎን ይዞ ደረጃውን ያወረደዎት ማን ነው?»

ዘበኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስገባቸው» አለው ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ክንዴን ጨምድዶ ወደ ውስጥ ይጎትተኝ ጀመር።

ቆምኩ።

«ይልቀቁኝ» አልኩት። «አሁን መብራት አለ፤ ብቻዎን መሄድ ይችላሉ።»