የጊሎሪ ዘመዶች ፎቶግራፍ

ሉዊዚያና ውስጥ የጊሎሪ ዘመዶች በየዓመቱ ሲሰባሰቡ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ይለብሳሉ። የዘንድሮው ስብሰባ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት ሸንኮራ ሲቆርጡበት በኖሩት እርሻ ነው፤ እርሻው ዛሬ የእነሱ መታሰቢያ ሆኗል። ደጋሿ ቨርሊን ታዲያ ካናቴራው ደረት ላይ ባለ ነጭ አምዱን የባሪያ አሳዳሪውን ጌታ ቤት አሳተመችላችኋ! ሥዕሉ አምሮ ስታየው ቤቱ የማን እንደነበረ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም።

አክስት ኦዚት ግን አውቶቡስ ውስጥ ካናቴራውን ዘርግተው ሲያዩ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

«አልወርድም።»

«አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተው?»

«ቅድመ አያቴን ያስገረፈ ሰውዬ ቤቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ? ምነው፣ መልኩንም ባሳተምሽልኝ!»

ቨርሊንን ላብ አጠመቃት። በጊሎሪዎች ደንብ በዕድሜ ትልቁ ሰው መሃል ካልተቀመጠ ፎቶ አይነሳም። አክስት ኦዚት ደግሞ ዘጠናን አልፈዋል፤ ለከርሞ መገኘታቸውን ማን ያውቃል? ዛሬ ያለ ፎቶ ቢበተኑ ዕድሜ ልኳን ሲያንገበግባት ይኖራል።

ብትለምን፣ ብትምል፣ እሳቸው ወይ ፍንክች! ሲጨንቃት ወደ አውቶቡሱ ኋላ ሄደችና ካናቴራዋን ገልብጣ ለብሳ ተመለሰች። ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቷል።

«እንዲህስ?»

አክስት ኦዚት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ላባዋ የተነጨ ዶሮ መስለሻል» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ የኔንም ገልብጪልኝ።»

ዘመድ አዝማዱም እየተሳሳቀ ገለበጠ።

አሮጊቷ የቨርሊንን ክንድ ተደግፈው ከአውቶቡሱ ወረዱ፤ ባለ አምዱን ትልቅ ቤት ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ አለፉና ከጓሮው የባሪያዎች የእንጨት ጎጆዎች አንዷ ጋ ቆሙ። ቅድመ አያታቸው ተወልዳ ያደገችባት ናት።

«ፎቶው እዚህ ነው» አሉ፣ ገብተው መሃሏ ላይ እየተቀመጡ። «ሁላችሁም ግቡ!»

ግፊያ ሆነ። ሕፃናቱ ትከሻ ላይ ወጡ፤ አንድ ቦርጫም አጎት በሩ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ግማሹ ዘመድ ገና ውጭ ፀሐይ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ አልሆነም» አለች ቨርሊን፣ ልቅሶ እየቃጣት። «ይቺ ቤት አትበቃንም!»

አክስት ኦዚት ጠባቧን ክፍል ዙሪያዋን ቃኙ። ከዚያ ዘመዶቻቸውን አዩ፣ የውስጦቹንም፣ በመስኮት የሚንጠራሩትንም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን እያጨበጨቡ ነበር።

«እሰይ!» አሉ። «አትብቃና! መቼም አትብቃን!»