ወደ ቀኝ የምትስበው ፒካፕ

ውቢት ፒካፕዋን የገዛችው ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ በተመለሰች በዓመቱ ነው። መኪናዋ አዲስ አይደለችም፤ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተፍቋል፣ የጭነቱ ሳጥን ጎድጉዷል። ቢሆንም ከጉና ሥር ድንች እየጫነች ደብረ ታቦር ታራግፋለች፤ ሲቀናትም እስከ አንበሳሜና ይፋግ ገበያ ትወርዳለች። መሪውን የሚይዘው ታላቅ ወንድሟ ፋንታው ነበር። ውቢት ድንቹን ትገዛለች፣ ትሸጣለች፤ እሱ ይነዳል።

ጥቅምት ላይ መኪናዋ መክበድ ጀመረች። ዳገት ላይ ብቻ ቢሆን ጭነቱ ነው ይባል ነበር፤ እሷ ግን ሜዳ ላይም አንዳች ነገር ከኋላ የያዛት ትመስላለች። ነዳጅ ትጠጣለች። ከፊት በቀኝ በኩል የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፤ ጎማው አጠገብ የቆመ ሰውን ሙቀቱ እንደ ምድጃ ይገርፈዋል።

«ወደ ቀኝ ትስበኛለች፣ ውቢት» አላት ፋንታው። «ከመሪው ጋር እየታገልኩ ነው የምመጣው።»

ውቢት ለድንች ማራገፊያው ቅርብ ወደሆነ ጋራዥ ወሰደቻት። የፍሬኑን ሸራ ቀየሩላት። ሳምንት ደህና ሄደችና ሽታው ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ስትወስዳት መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ፣ ጠቁሮ የተሰነጣጠቀውን አዲስ ሸራ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ይኸው፣ ነዷል። ሾፌርሽ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው። ቁልቁለቱን በማርሽ መውረድ ሲገባው በፍሬን ይወርደዋል» አላት።

ሸራው እንደገና እንደተቀየረ ውቢት በንዴት ጦፋ መኪናዋን ራሷ እየነዳች ማራገፊያው ደረሰች። ፋንታው ከጫኞቹ ጋር ጆንያ እየቆጠረ ነበር። ገዢው፣ ጫኙ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ወደ ቀኝ ትስበኛለች እያልክ ስታሞኘኝ ከረምክ! አንተን የሚስብህስ በቀኝ በኩል ያለው ጠላ ቤት ነው!» አለችው።

ሰው ሳቀ። ፋንታው ጠላ የሚቀምሰው ለማኅበር ዝክር ብቻ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ወንድምየው እሱ ዘንድ ያለውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ የመኪናዋ ሞተር ክዳን ላይ ቀስ አድርጎ አኖረው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ አባታቸው አገር በእግሩ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ውቢት ራሷ ነዳች። መንጃ ፈቃድ ነበራት፤ ልምዱ ግን ብዙም አልነበራትም፤ ስለዚህ ተጠነቀቀች። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ትወርዳለች፤ ፍሬን ይዛ በለቀቀች ቁጥር እግሯን እስከ ወንበሩ ሥር ትስባለች። በአራተኛው ቀን አንበሳሜ ልትገባ ስትል፣ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ፣ ያ ሽታ መጣ። መሪው ከእጇ ወደ ቀኝ ተጎተተ።

እግሯን አየችው። ፍሬኑ ላይ አልነበረም።

መኪናዋን ዳር አስይዛ አቆመች። ኩዌት ሳለች የልብስ ማጠቢያው በቆመ ቁጥር እመቤቲቱ ማሽኑን ሳታይ እሷን «ምን አደረግሽው?» ትላት ነበር። ያኔ ማታ ማታ ለፋንታው ደውላ የምታለቅሰው ይህንኑ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ጌጡ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ጌጡ ሠላሳ ዓመት የመንገድ ሥራ መኪኖችን ጠግነው በጡረታ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ አሁን የሚሠሩት ግቢያቸው ውስጥ፣ የሚሠሩትም የወደዱትን ብቻ ነው።

«ሸራ ቀይሩልኝ ብለሽ ነው የመጣሽው ወይስ በሽታዋን እወቁልኝ?»

«በሽታዋን ይወቁልኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እስኪይዛት ድረስ እንንዳት።»

ከተማውን ዞሩ። ሽታው ሲመጣ ቀስ ብለው ተመለሱና ጋሽ ጌጡ የእጃቸውን ጀርባ ወደ አራቱም ጎማ ሳይነኩ አስጠጉ። ሦስቱ ለብ ብለዋል፤ የፊት ቀኙ ይፋጃል። በክሪክ አንሥተው በእጃቸው ሊያዞሩት ሞከሩ። ንቅንቅ አላለም።

«ጎማን እንዲህ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው» አሉ። «አንድም ብረቱ ዝጎ ተጣብቋል፤ አንድም ዘይቱ ገብቶ መመለሻ አጥቷል። አሁን ራሷ ትነግረናለች።»

ፍሬኑ ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በቁልፍ ቢያላሏት፣ ጥቁር ዘይት ፊን ብሎ ወጣ። ጎማውን ነኩት። እንደ እንዝርት ዞረ።

ውቢት አፏን ያዘች። ሽማግሌው ግን አልቸኮሉም፤ ፍሬኑን ፈትተው ብረቱ ሳይዝግ በነጻ መንሸራተቱን አረጋገጡ። ከዚያ ዘይቱን ወደ ጎማው የምታደርሰውን አጭር የላስቲክ ቱቦ አውልቀው በቢላ ለሁለት ሰነጠቋት። ከውጭ ደህና ነበረች። ከውስጥ ግን አብጣ ቀዳዳዋ መርፌ የሚያስገባ አይመስልም።

«ሰው ፍሬን ሲረግጥ በጉልበት ገፍቶ ያሳልፈዋል። እግሩን ሲያነሣ ግን የሚመልሰው ጉልበት የለም፤ እዚያው ይታገታል፤ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ሸራው መቃጠሉ እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የሸራው አልነበረም።»

«የ... የሾፌሩስ?» አለች ውቢት፤ ድምፅዋ አነሰ።

«የምን ሾፌር? እግር ቢሆን ኖሮ ግራና ቀኙ እኩል ይግል ነበር። አንዱ ብቻ ሲግል እግር አይከሰስም። ለመሆኑ ማን ነበር የሚነዳት?»

«ወንድሜ።»

«ወደ አንድ ወገን ትስባለች አላለሽም?»

«ብሎኝ ነበር።»

ጋሽ ጌጡ ቀና ብለው አዩዋትና፣ «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሁለቱንም የፊት ቱቦዎች ቀየሩ፤ አንዱ ካረጀ ጓደኛውም እኩያው ነው አሉ። የጠቆረውን ዘይት አስወጥተው አዲስ ሞሉ። «የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ውሃ የገባው ዘይት ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። በየሁለት ዓመቱ ቀይሪው። ሸራ ባስቀየርሽ ቁጥር ፍሬኑ የሚንሸራተትበት ዘንግ ተጠርጎ ለፍሬን የሚሆን ግራሶ ይቀባ። ክረምት ላይ ብዙ ቀን ከቆመች የእጅ ፍሬን ስበሽ አትተያት፤ እርጥበቱ ያጣብቀዋል። ሜዳ ላይ አቁመሽ፣ ማርሽ አስገብተሽ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፊ።» ውቢት ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች።

ከዚያ ወደ ማራገፊያው አልተመለሰችም። የተሰነጠቀችውን ቱቦ ከጎኗ አስቀምጣ ወደ አባቷ አገር ወጣች። መኪናዋ ተሻለው የተባለ ታማሚ ይመስል ቀላት።

ፋንታው አውድማ ላይ ገብስ ያዘራ ነበር። አምስት ስድስት ጎረቤት ለወንፈል መጥቷል። ውቢት ሰዎቹ እስኪበተኑ ልጠብቅ ብላ አሰበችና ተወችው። ጫማዋን አውልቃ አውድማው ውስጥ ገባች።

«አያ ፋንታው፣ የሰደብኩህ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የምጠይቅህም በሰው ፊት ነው። አንተ እውነትህን ነበር፤ ወደ ቀኝ ትስብ ነበር። ይኸው ነው ነገሩ» ብላ ቱቦዋን ዘረጋችለት።

ፋንታው መንሹን ተደግፎ ቱቦዋን አገላብጦ አያት። ወደ ብርሃን አንሥቶ ያበጠ ውስጧን መረመረ።

«ግራዋንስ ቀየርሽ?»

«ሁለቱንም።»

«ደግ። ስድቡ ግን ከብዶኛል፣ ውቢት። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ያ ሳቅ ይሰማኛል» አላት።

«አውቃለሁ። እዚያም፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ ጥፋቱ የኔ እንደነበር እናገራለሁ።»

«ተናገሪ» አለ። «ከእንግዲህ ደግሞ መኪናዋ ታመመች ስልሽ መጀመሪያ መኪናዋን እዪ። እኔን ኋላ ታይኛለሽ።»

«እሺ።»

«አውድማው ሳይጠረግ አልመጣም። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«ድንቹ ይጠብቃል» አለች ውቢት።

ነፋሱ ከጉና በኩል ተነሣ። ፋንታው ከገለባው ክምር ላይ ትርፍ መንሽ አንሥቶ ሰጣትና ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት። መጀመሪያ ላይ ገለባው ፊቷ ላይ እየተመለሰ ጎረቤቶቹን አሳቃቸው፤ እሷም አብራ ሳቀች። ወደ አመሻሹ ግን እጇ ነገሩን አስታወሰው፤ ገብሱ በእግሯ ሥር ይወርድ ጀመር።