እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

ልብስ ሰፊው የግራ ጫማውን አውልቆ ጠጠሯን አራገፈ። መልሶ ከማጥለቁ በፊት የካልሲውን ቀዳዳ ከጣቱ ሥር አጠፈው። የተቀመጠው ከነሐሱ ፈረሰኛ ሐውልት ሥር፣ ሻንጣውን ከጎኑ አድርጎ ደረጃው ላይ ነው። እህቱ አጠገቡ ቆማ ከአደባባዩ ማዶ ያለውን የሰዓት ግንብ ታያለች። ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ ከዚያ ግንብ አልተነቀለም።

«ስምንት ሰዓት ተኩል» አለች። «አሁን ድልድዩን እናያለን። በመብራት ያጌጠ ነው።»

«በቀን ምን መብራት አለ?»

«ድልድዩ ራሱ አለ አይደል ጋሼ።»

«ድልድይማ እኛም ሰፈር አለ። የጠፋው ወንዙ ነው።»

ሳቀች። የድሮዋ ሆኖ የቀረው ሳቋ ብቻ ነው። በልጅነቷ ጉንጯ ሙሉ ስለነበር ቤተሰቡ ድንቡሼ ይላት ነበር። ዛሬ ማለዳ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያ ስም ምላሱ ላይ ደርሶ፣ አጥንቷን ሲያይ ተመለሰ።

ለሽርሽር አልመጣም። እናታቸው ዓይኗ ከደከመ ወዲህ «ሐኪም ካለበት፣ ልጄ ቤት ውሰዱኝ» ብላ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ በሩ ሥር ካስቀመጠች ወር አልፏታል። ልጅቱ በስልክ «ቤቴ ሰፊ ነው፣ ፀሐይም ይገባዋል» ትል ነበርና። «ቀድመህ ሂድና እይልኝ» አለችው እናቱ። «ግድግዳውን ዳስሰህ ንገረኝ።» ነገ ተመልሶ መልሱን ሊሰጣት ነው።

እሱ ግን ከመምጣቱም በፊት ልቡ ጠርጥሮ ነበር። እህቱ በላከችው ፎቶ ላይ ጥቁር ካፖርት ለብሳ ከመስታወት ሕንፃ ፊት ቆማለች። ጎረቤት ሁሉ ሕንፃውን ሲያደንቅ እሱ ትከሻዋን አየ። የእጅጌው ስፌት ከትከሻዋ ሁለት ጣት ወርዷል። የሰው ካፖርት ነው። ያየውን ለማንም አልተናገረም።

ወደ ድልድዩ ሲሄዱ ያው ሕንፃ ፊታቸው ተገተረ።

«የምትሠሪበት ይሄ አይደል? እንግባና ወንበርሽን ልየው።»

እሷ አፏን ሳትከፍት የበሩ ጥበቃ ቀደማት። «እህት፣ የእናንተ መግቢያ በጓሮ በኩል ነው እኮ። ደግሞ የዛሬውን ወለል ገና ሳይነጋ ጠርገሽ ወጥተሽ የለ?» ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሏል።

«እንግዳ ይዤ ነው» አለች።

ጥበቃው ልብስ ሰፊውን ከጫማው እስከ ባርኔጣው ለካው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ተራው ደረሰውና አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት ትንሽ ውሻ እየሳበች ከመስታወቱ በር ወጣች። ውሻው ቀይ ካፖርት ለብሷል። ልብስ ሰፊው ሳይፈልግ ስፌቱን ተከተለ፤ ትከሻው ላይ እንከን የለውም፤ በልኩ ነው የተሰፋው።

«ቤት ውሰጂኝ» አለ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይሆንም።»

«ለምን? ሰው ደብቀሻል? ባል?»

«ባልማ ቢኖር አሳይህ ነበር።»

«እኔ ድንጋይ ልቆጥር አልመጣሁም። እማዬ ጓዟን ይዛ በሩ ሥር ተቀምጣለች።»

ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ከሕንፃው ጀርባ ዞረው፣ በቆርቆሮ አጥር መካከል በቀጭን መንገድ ገቡ። ከአንዲት በር ስትደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችና ገርበብ አድርጋ አሳየችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ጥቁር ካፖርት። አልጋው ላይ ሴት ፊቷን በሻሽ ሸፍና ተኝታለች። በሩን መልሳ ዘጋችው።

«ዳቦ ጋጋሪ ናት» አለች በሹክሹክታ። «ሌሊት ትጋግራለች፣ ቀን ትተኛለች። ሌሊት ደግሞ እኔ። አልጋው በርዶ አያውቅም፤ ይሄ ይሄ ጥቅም አለው።»

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ገባው። ሐውልቱም፣ ግንቡም፣ ድልድዩም ይህች ሴት እንቅልፏን እስክትጨርስ መቆያ ነበሩ።

ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እጁን ሰደደና ግድግዳውን ዳሰሰ። ቆርቆሮ ነው፤ ትኩስ ነው። ፀሐይ ይገባዋል ያለችው እውነቷን ነው።

ግንቡ አሥራ አንድ ሲመታ ጋጋሪዋ ዓይኗን እያሸች ወጣች። «ውይ ጋሼ፣ ደጅ አቆየሁዎት» አለች። «ስለ እርስዎ ስትነግረኝ ኖራ ጠንቅቄ አውቅዎታለሁ።» ይዛው የወጣችውን ጥቁር ካፖርት ለበሰች። ትከሻው ልኳ ነበር። ወደ ሥራዋ ሄደች።

እሱም ወደ ውስጥ ገብቶ ከሻንጣው የሰፋላትን ሰማያዊ ቀሚስ አወጣ። ልኩን ያገኘው ከስድስት ዓመት በፊት፣ ልትሄድ ስትል ደብተሩ ላይ ከጻፈው ነው። እንደገና መጠየቅ እንዳለበት ትዝም አላለው። ወደ ደጅ ወጥቶ፣ ለብሳ ስትጠራው ገባ። ቀሚሱ በግራም በቀኝም አንድ አንድ እጅ ተርፎ ተንጠልጥሏል።

«ያምራል» አለች።

«ዝም ብለሽ ቁሚ።» ወገቧ ላይ በስፒል ይይዘው ጀመር።

«እማዬን ምን ትላታለህ?»

በከንፈሩ የያዘውን ስፒል አወጣ። «ጓዝሽን ፍቺ፣ ድንቡሼ ራሷ ልትመጣ ነው እላታለሁ።»

ስሙን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አልመጣም እኮ ጋሼ። እዚያ መጥቼ ምን እበላለሁ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻታለህ?»

«አንቺ ስድስት ዓመት ዋሽተሽ አኖርሻት። አሁን ተራው የኔ ነው።»

አልሳቀችም። እሱም ለቀልድ አላለውም። እናቱ ከነገ ወዲያ ጓዟን ትፈታና መንገድ መንገዱን ማዳመጥ ትጀምራለች፤ ይህን ሲያስብ ስፒሉ ሁለት ጊዜ ጣቱን ወጋው።

ቀሚሱን አስወልቆ፣ ወንበሩን ወደ በሩ ብርሃን ስቦ በእጁ ሰፋ። ትርፉን ጨርቅ ሊቆርጥ መቀሱን አነሳ። ጥቂት ይዞት ቆየና መልሶ አስቀመጠው። ትርፉን በሙሉ ወደ ውስጥ አጥፎ በሰፊ በሰፊው ያዘው፤ ገላዋ የተመለሰ ቀን አንድ ክር ብትስብ የሚለቀቅ አድርጎ።

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ቀሚሱን ካፖርቱ በተወው ሚስማር ላይ ሰቀለና መርፌውን ኮሌታው ሥር ሰካ።