የጎማው ጭቃ

ይህን ነገር ሠርቶ ሲጨርስ ምን ሊሆን ነው?

አያቱ በአንድ እጇ እርጥብ ጨርቅ፣ በሌላው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዛ ጠረጴዛው ፊት እንደቆመች ይህንኑ ታወጣለች ታወርዳለች። መልስ ግን የላትም። ስንት ወር ሙሉ እዚህች ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሮ፣ ከወተት ጣሳ የቆረጠውን ቆርቆሮ ሲያጥፍ፣ ሲሞርድ፣ ሲያጣብቅ ከርሟል። ቢያንስ ተቀምጧል፤ ቢያንስ የቀረበለትን ይቀምሳል። ሥራው ሲያልቅስ? እንደ በፊቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሊተኛ ነው?

ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ክንድ የማይሞላ ጣውላ ነው። በጣውላው ላይ የገጠር መንገድ ተሠርቷል፤ መንገዱ ላይ ሸራ የለበሰ ወታደራዊ የጭነት መኪና ቆሟል። መኪናው ከእውነተኛው በሠላሳ አምስት እጥፍ ያንሳል። ልጁ እያንዳንዱን ነገር በማስመሪያ እየለካ፣ እያካፈለ ነው የሠራው። ማካፈሉ ለአያቱ ብዙም አይገባትም፤ የሚገባት የቤቷ ዕቃ መመናመኑ ነው። የሻይ ማጥለያዋ ወንፊት ሞተሩ ፊት ላይ ተሰክቷል። የነጠላ ጫማዋ ሶል ጎማ ወጥቶታል። የግፊት ክኒኗ ማሸጊያ የጋቢና መስታወት ሆኗል። አንድ ቀን ደግሞ ከሽበቷ ትንሽ ቆርጦ ክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ በክር አሰረና መንገዱ ላይ የሚያኖረውን ትንሽ ሰው ፊት የሚቀባበት ብሩሽ አበጀ።

"ስሞት የቀረውን ትወስዳለህ፤ እስከዚያው መላጣ አታድርገኝ" ብላው ነበር።

ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቱ ትንሽ ልጅ ሳለ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ወታደር ቤት ገብቶ ሾፌር ሆነ፤ እንዲህ ያለውን መኪና፣ እውነተኛውን፣ ይነዳ ነበር። ሲመለስ እጁም እግሩም ደህና ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ስለዘመተበት አገር የጠየቀው ሰው ካለ ግን ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አንዴ እንዲያውም አንዱ ጎረቤት አፋጦ ሲጠይቀው ላብ አጥምቆት ከነወንበሩ ወደቀ። አያቱ በማግስቱ ዋናውን የግቢ በር በሰንሰለት ቆለፈች፤ ቁልፉንም አንገቷ ላይ አሰረችው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ በጓሮው በር፣ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። እሷ ካሳለፈችው ነው እሱም።

ካላሳለፈቻቸው አንዷ ልብስ ሰፊዋ ናት። የልብስ ሰፊዋ አንድያ ልጅ፣ ሰፈሩ ቀጮ የሚለው፣ ጋቢና ውስጥ የዚህ ልጅ ረዳት ነበር። ሞተ። የመጣው መርዶ፣ ሬሳው የተገኘው ከመኪናው ውጭ ነው የሚል ብቻ ነበር። የቀረውን ማዶ ያለው ሱቅ በር ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ጨመሩበት፤ መኪናውን ጥሎ ሲሮጥ ነው የተመታው አሉ። ወሬው እናቱ ጆሮ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዋናውን መንገድ ትታ በኋላ ቅያስ፣ አጥር አጥሩን መሄድ ለመደች። በጓሮ በር እየመጣች ልጄ እንዴት እንደሞተ ልጅዎ ይንገረኝ ስትል፣ አያቱ ዛሬ ወጥቷል፣ ዛሬ ተኝቷል፣ ዛሬ አሞታል እያለች ስትመልሳት ኖራለች። አንጀቷ አይደለም የጨከነው። የእሷ ልጅ ሞቷል፤ የኔ ገና አልሞተም ብላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ልብስ ሰፊዋ፣ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ፣ የጓሮው በር ላይ ጠበቀቻት።

"እማማ፣ ዛሬ እንኳ የለም እንዳይሉኝ። ራሱ ደውሎ ከምሳ በኋላ ይምጡ ብሎኛል።"

አያቱ ቤት ስትገባ ልጁ ቫርኒሽ ሊገዛ ወጥቷል። ምን ታድርግ? ከማን ጋር ትሟገት? እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳቧ ስለሚብስባት መጥረጊያውን አነሳች። ወለሉን ጠረገች፣ አንሶላውን ቀየረች፣ ከዚያ ጣውላው ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጠች። ደነገጠች። ከትናንት በስቲያ አረንጓዴው ቀለም ሲደርቅ አዲስ መኪና መስሎ ሲያበራ አይታው ነበር። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጓሮ ይዞት ውሎ ነበር፤ ዝናብ አግኝቶት ይሁን ዶሮ ረግጦት ማን ያውቃል፣ አሁን ጎኑ ሁሉ በጭቃ ተለቅልቋል፣ የኋላ ጎማዎቹ እስከ ግማሽ ተቀብረዋል። ይህን ያህል የለፋበት ነገር እንዲህ ጨቅይቶ እንግዳ ሊያየው ነው?

ሳፋ ላይ ውኃ ቀዳች፣ ሳሙና በተነችበት። ጭቃው በደንብ ስላልደረቀ እሺ አላት። ጎማዎቹን በጥርስ ብሩሹ ፈተገች፣ መንገዱንም በጨርቁ ወለወለችው። ከኋላ ጎማው አጠገብ የአውራ ጣቷን የሚያህል፣ ጎንበስ ያለ የስቱኮ ሰው ተጣብቆ ነበር፤ እሱም ጭቃውን ተከትሎ ተነሳ። መዳፉ ላይ ያለችውን ጠጠር ቆሻሻ መስሏት ሳፋው ውስጥ አራግፋ፣ ሰውየውን ራቅ አድርጋ መንገዱ መሀል ላይ፣ ፊቱን ወደ ደጅ መልሳ አቆመችው። ሰው ለምን ጎማ ላይ ይደፋል? እንዲህ ሲሆን ያምራል።

ልጁ የቫርኒሿን ጠርሙስ እንደያዘ ገባና በሩ ላይ ቆመ።

"ማነው የነካው?"

"እኔ ነኝ አባቴ። ቆሽሾ ነበር እኮ። እንግዳ ይመጣል ብዬ..."

አልጮኸባትም። ቢጮህባት በተሻላት ነበር። ጠረጴዛው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ጋር አስተካክሎ ቆየ። ከዚያ ትንሹን ሰው በሁለት ጣቱ አነሳው።

"እምዬ፣ ጭቃው ከሌለ ቀጮ ለምን ወረደ?"

አያቱ አልገባትም። እሱ ግን ያን ዕለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ቃሉን አንድ በአንድ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው።

"ሰምጠን ነበር። ከኋላ ቁስለኞች ጭነናል። እሱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ ነው የመቱት። አንቺ እንዳቆምሽው እናቱ ካየችው ግን" አለና ጣቱን በተወለወለው መንገድ ላይ ጫነ፣ "ሱቁ በር ላይ የሚሉትን ነው የምታየው። መኪናው ደህና፣ መንገዱ ደህና፣ እሱ እየሮጠ።"

አያቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አፌ አይታዘዝልኝም፤ ታውቂያለሽ" አለ። "ለዚህ ነው የሠራሁት። ቫርኒሹ ጭቃው እንዳይለቅ የሚይዘው ነበር።" ጠርሙሷን መስኮቱ ላይ አስቀመጣትና ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "ደውዬ አይምጡ ልበላት?"

ይህ ጥያቄ እንኳ መልስ ነበረው። አያቱ ስንት ጊዜ የተመኘችው ነው። እሺ ብትል ልብስ ሰፊዋ አትመጣም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም፣ ልጁም ከጠረጴዛው ሳይነሳ ይከርማል። አፏን ከፈተች። ሳፋው ውስጥ የዘቀጠውን ጭቃ አየች።

ከዚያ ተነስታ ከማጀት ሳህን ይዛ መጣች።

"ጭቃው ምን ዓይነት ነበር? ቀይ ነው ጥቁር?"

ቀና ብሎ አያት።

"ቀይ። ዘይት የፈሰሰበት ይመስል የሚያዳልጥ።"

ጓሮ ወጥታ ቧንቧው ሥር ያለውን አፈር በማንኪያ ዛቀች። ድንጋይ ድንጋዩን ለቅሞ ጣለና የቀረውን እንድትነፋው ጠየቃት።

"በምኑ ልንፋው? ማጥለያዬን መኪና ላይ ሰክተህ።"

ካልሲውን አውልቆ ሰጣት። በካልሲ ነፋችው። እሱ ሰጋቱራውንና ኮላውን ለወሰ፣ ቀዩን ቀለም ጠብ አደረገበት፣ ከዚያ ክብሪት እንጨቱን አስያዛት። እጄ ይንቀጠቀጣል አለችው። ጭቃ ቀጥ ብሎ አይለጠፍም፣ ይንቀጥቀጥ አላት። እሷ ጎማዎቹን እስከ ግማሽ ቀበረች፤ እሱ የመንገዱን ቦይ መልሶ ቆፈረ። ያራገፈቻትን ጠጠር ደግሞ ሳፋው ውስጥ ስትዳብስ ቆይታ ከሥሩ አገኘቻት። ልጁ በማስቲሽ ቀጮ መዳፍ ላይ መልሶ አጣበቃት፣ ቀጮንም ጎማው ላይ ደፋው።

ቫርኒሹን ለመቀባት ጊዜ አልነበራቸውም። የጓሮው በር ተንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ገብታ፣ የቀረበላትን ወንበር ሳትነካ፣ ጠረጴዛውን ስታይ ባለችበት ቀረች። ልጁ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። አያቱ ይበቃዋል፣ ልጄን ተይልኝ ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መዳፏን አፏ ላይ ጭና ወደ ምድጃው ዞረች።

ልብስ ሰፊዋ አጎነበሰች፤ ልብስ ስትሰፋ መርፌ ላይ እንደምታጎነብሰው፣ ዓይኗን በጣም አቅርባ።

"እጅጌውን ሰብስቦታል" አለች።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

"ስንት ሸሚዝ አሳጠርኩለት። ቢያጥርም ይሰበስበዋል።" ጎማውን አየችና፣ "ለምን ወረደ?" አለች።

ልጁ ጣቱን በጎማው ላይ አኖረ። "ሰምጦ ነበር።" ከዚያ በሸራው ላይ። "እዚህ ቁስለኞች ነበሩ። ድንጋይ እያስገባ ነበር።"

"ምን አለህ?"

"አንተ መሪውን ያዝ አለኝ። ሌላ አላለም።"

"ፊቱስ? ወዴት ነበር ፊቱ?"

"ወደ ጎማው። እንዲሁ።"

ልብስ ሰፊዋ የጭቃውን ጫፍ በሌባ ጣቷ ነካችው። ገና እርጥብ ነበርና ጣቷ ላይ ቀይ ሆኖ ቀረ። አልጠረገችውም። አላለቀሰችም፤ አያቱ ናት በምድጃው በኩል ዞራ ያለቀሰችው። ልጁ ጣውላውን በሁለት እጁ ወደ ልብስ ሰፊዋ ገፋ አደረገው፤ ከዚያ ባዶ በቀረው ጠረጴዛ ላይ ክንዶቹን አጣጥፎ ራሱን ደፋ። ጀርባው ይነቃነቅ ነበር።

አያቱ ሮጣ ንጹሕ ፎጣ አመጣች። "ሸፍኚው፣ መንገድ ላይ አቧራ እንዳይነካው፣ ሰውም እንዳያየው" አለች፤ የምትለው ስለጠፋት ነው። ልብስ ሰፊዋ ፎጣውን ተቀብላ፣ በአንድ እጇ እንደምንም አጥፋ ወንበሩ ላይ አኖረችው። ጣውላውን ደረቷ ላይ ደግፋ ወጣች። አያቱ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮው በር ቀደመቻት፤ ዞር ስትል ግን ከኋላዋ ማንም የለም። ልብስ ሰፊዋ ግቢው መሀል፣ በሰንሰለት የታሰረው ትልቁ በር ፊት ቆማለች።

አያቱ ተመልሳ መጣች። ወደ ቤት፣ ወደ ልጁ ጀርባ አንድ ጊዜ አየች። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች። ጋን ቁልፉ ዝጎ እምቢ አለ፤ ደግማ ታገለችው። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ እግሯ ሥር ወደቀ፤ በሩም እየጮኸ ተከፈተ። ማዶ ሱቁ አለ፤ አግዳሚው ላይ ሰዎቹ እንደተለመደው ተደርድረዋል።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ያልተሸፈነውን ጣውላ ከፊቷ ይዛ፣ አንድም ቃል ሳትናገር በዋናው በር ወጣች።