ቀጥ ያለው ቱቦ

«ክላይቭ፣ ይሄን ቱቦ የሠራው ማን ነው? ስሙን ይንገሩኝና ልርገመው!»

የታንያ ድምፅ የመጣው ከወለሉ ሥር ነበር። የማሞቂያ ሠራተኛዋ በቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ መግቢያ በሆዷ ተስባ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሆኗታል። ንግግሯ ግን በማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ባለው የአየር መውጫ ወንፊት በኩል፣ አጠገቡ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እኔ ነኝ» አላት ክላይቭ ወደ ወንፊቱ ጎንበስ ብሎ።

«እንግዲያው እርግማኑን አንስቻለሁ፣ አለቃ።»

ክላይቭ በባላራት ከተማ አርባ ዓመት ቆርቆሮ ሲያጥፍና ሲበይድ የኖረ ባለሙያ ነው። ይህንንም ቱቦ በወጣትነቱ፣ ከማሞቂያው የሚወጣውን ሞቃት አየር ምንም እንዳይገታው ብሎ፣ ከማዕድ ቤቱ እስከ መኝታ ቤቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ዘረጋው። አየርን የማይገታ ቱቦ ወሬንም እንደማይገታ የተገነዘበው ዘግይቶ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ «ስልክ ዘርግተህ ማሞቂያ ነው ትለናለህ» እያሉ ለዓመታት ስቀውበታል።

አሁን ግን ያ ስሕተት የቤቱ መተማመኛ ሆኗል። ሚስቱ ኖሊን ጡንቻን በሚያሰልል በሽታ አልጋ ከያዘች አሥር ወር አልፏታል፤ ድምፅዋም ከሹክሹክታ አይበልጥም። ትራሷ ሲንሸራተት ወይም ውኃ ሲያምራት የምትናገረው ቃል በኮሪደሩ በኩል አይደርስም፤ በቱቦው በኩል ግን ይደርሳል። ባለፈው ሳምንት አሮጌው ማሞቂያ ጨርሶ ሞተ። ሐኪሙ ክፍሏ በክረምት እንዲሞቅ፣ በበጋም እንዲቀዘቅዝ ስላሳሰበ፣ ሁለቱንም የሚችል አዲስ ማሽን መጥቶ ከደጅ ተቀምጧል። የቀረው ቱቦውን መምረጥ ብቻ ነበር።

ታንያ የሸረሪት ድር ከፀጉሯ ላይ እያራገፈች ገባችና አንድ የቱቦ ናሙና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ተጣጣፊው ነው። ውስጡ ስስ ፕላስቲክ፣ ዙሪያው የመስታወት ሱፍ። ነገ ከሰዓት ቤቱ ይሞቃል። የእርስዎ ቆርቆሮ ግን ራቁቱን ነው፤ በበጋ ቀዝቃዛ አየር ሲያልፍበት ያልበዋል፣ ካላበው ይዝጋል። አሁንም ሁለት ቦታ ተበስቷል።»

«ያንን ደግሞ አይጥ ይበላዋል።»

«ከበላው ለእኔ ሥራ ነው» አለች እየሳቀች። «ደግሞ ጸጥታው! መኝታ ቤት ውስጥ ሰው ቢጮህ እዚህ አይሰማም። ደንበኞቼ የሚወዱለት ይሄንን ነው።»

«እኔ መስማት ነው የምፈልገው። አዲስ ቆርቆሮ፣ ከውጭ ሱፍ የለበሰ፣ ልክ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ።»

ታንያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ይቻላል። ግን ተቆርጦ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። እሳቸው በዚህ ብርድ፣ በዚያች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሦስት ሳምንት?»

ክላይቭ ሳይመልስላት ወንፊቱ «ክላይቭ፣ ና» አለ።

ኖሊን የሱፍ ቆቧን እስከ ቅንድቧ አጥልቃ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላለች። ክላይቭ ገብቶ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ተጣጣፊውን አስገባ» አለችው።

«ከዚያስ እንዴት እሰማሻለሁ?»

«ደወል ግዛ።»

«ኖሊን፣ ጣትሽ እኮ...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ኖሊን ትንፋሿን አጠራቀመች። «እኔም እሰማሃለሁ። ሐኪሙ በሄደ ቁጥር ቧንቧ ትከፍታለህ። ውኃው ግን አይሸፍነውም።»

ፊቱ ቀላ። «ዕቃ ሳጥብ ነው።»

«አንዲት ኩባያ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ? ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ንጹሕ የሆንከው?» ልትስቅ ሞክራ ሳል ያዛት። ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባዋን ደገፋት። «ሰው በገዛ ቤቱ ማልቀሻ ቦታ ያስፈልገዋል። እኔን ብለህ አትታፈን።»

ክላይቭ ብርድ ልብሷን አገጯ ድረስ ሳብ አደረገላትና፣ በረዶ የመሰለ እጇን በሁለት እጁ መካከል ጥቂት ይዞ ቆየ።

ወደ ማዕድ ቤት ሲመለስ ታንያ ተጣጣፊውን ናሙና እያገላበጠች ነበር። በዚያ ማዕድ ቤት አልሰማሁም ማለት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቃሉ።

«ተጣጣፊውን አድርጊው» አላት። «በሁሉም ክፍል። ነገ።»

«እሺ፣ አለቃ። ግን እሳቸው ሲጣሩ...»

ክላይቭ ሃያ ዓመት የተቀመጠበትን ወንበር ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። በአንድ እጁ እሱን፣ በሌላው ኩባያውን አንጠልጥሎ በኮሪደሩ ወደ ኖሊን ክፍል ሄደ።

የወንበሩ እግሮች መሬት ሲነኩ በወንፊቱ በኩል ተሰማ። ጥቂት ቆይቶም የሽማግሌ ልቅሶ መጣ። ቧንቧው ግን አልተከፈተም።

ታንያ መለኪያዋን አነሣችና በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘግታ ወጣች።