የአይጦቹ ሐዘን

«የትኞቹ አይጦች ናቸው፣ እናቴ?» ብሎ የልጇ አለቃ ሲጠይቃት የምትመልሰው ጠፋት። ጥያቄው ከባድ ሆኖባት አልነበረም። መልሱን ታውቀዋለች፤ ልጇ ቤት ውስጥ ደጋግማ ነግራታለች። ነገር ግን ከአለቃው ኋላ የቆመችው ልጇ ፊቷ አመድ መስሎ ስታያት የምታውቀው ሁሉ ከአፏ ሸሸ። የሻይ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አነሳችው።

እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባችው ክፉ አስባ አልነበረም።

ልጅቷ ዶክትሬቷን ከያዘች ገና ብዙ አልቆየችም። በተቀጠረችበት የምርምር ተቋም የምታጠናው የጨጓራ ካንሰርን ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ካንሰሩ ከመምጣቱ በፊት ጨጓራ ውስጥ የሚሆነውን። እናትየው ይህን ከሰማች ጀምሮ የራሷ ጨጓራ ሰላም አጣ። ልጇ ስለ ቁስለት ስታወራ ይቆስላል፤ ስለ እብጠት ስታወራ ያብጣል። ልጅቷም እየሳቀች፣ እማ አንቺ እኮ አይጥ አይደለሽም ትላታለች።

ነገሩን ግን ወጥ ቤት ቆመው ሽንኩርት ሲከትፉ በደንብ አስረድታታለች። ሰውነት አብረውት የሚወለዱ ዘበኞች አሉት። እነዚህ ዘበኞች ሰው አይለዩም፤ እንግዳ ነገር ከነካቸው ማንነቱን ሳይጠይቁ ይጮኻሉ። ጩኸቱን የሰሙ ሌሎች ዘበኞች ተሯሩጠው ይመጣሉ፤ ቦታው ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንኑ ነው። አንዲት ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ገብታ ለዓመታት ስትቀመጥ ጩኸቱም ለዓመታት አይበርድም። የጨጓራው ግድግዳ ይጎዳል፣ ይታደሳል፣ ደግሞ ይጎዳል። አንድ ቀን እድሳቱ መስመሩን ሲስት ካንሰር ይሆናል።

«ታዲያ ቤቱን የሚያፈርሰው ሌባው ነው ዘበኛው?» አለች እናት።

«እሱን ነው የማጠናው።»

«ሳታውቂው ነው ደመወዝ የሚከፍሉሽ?»

«ስለማላውቀው ነው፣ እማ።»

እናት ይህን መልስ ወደደችው። ደረጃ ላይ ላገኘቻቸው ጎረቤቶች ሁሉ፣ ልጄ ማንም የማያውቀውን ነው የምትሠራው እያለች አወራች።

ለጥናቱ ሁለት ዓይነት አይጦች ነበሩ። አንዶቹ እንደማንኛውም አይጥ ናቸው። የሌሎቹ ዘበኞች ግን አንዲት የማንቂያ ደወል ጎድላቸው የተወለዱ ናቸው። ልጅቷ ለሁሉም ባክቴሪያዋን ሰጠቻቸው፤ ወራት ጠብቃም ጨጓራቸውን በማይክሮስኮፕ አየች። የባለ ደወሎቹ ጨጓራ ክፉኛ ተቆጥቶ፣ ወደ ካንሰር የሚያመሩ ሕዋሶች ታዩበት። ደወል የሌላቸው ግን ደህና ነበሩ። አለቃዋ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። በዚያው ሰሞን ወደ ሌላ ተቋም ሊዛወር ነበርና፣ ጽሑፉ ከታተመ እሷንም ይዟት እንደሚሄድ፣ እዚያም ቋሚ ሥራ እንደሚሰጣት ቃል ገባላት። የአሁኑ ውሏ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው። አብሯት የሚሠራው ወጣት ደግሞ ምሳውን እንኳ ቆሞ የሚበላ ችኩል ስለሆነ «ቶሎ ቶሎ» ብለው ነው የሚጠሩት። እሱማ ጽሑፉን ዛሬ ካልላክን ብሎ ያዛት።

እሷን ግን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ከንክኗት ነበር። ሁለቱ ዓይነት አይጦች ተወልደው ያደጉት በተለያየ ክፍል ነበር። አይጥ ደግሞ ከሌላው አይጥ የወጣውን ሳይቀር የሚበላ ፍጥረት ነው፤ አብረው የሚኖሩ አይጦች ሆዳቸው ውስጥ ያለው ተህዋስም አንድ ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ገና ሳያልቅ ደወል ያላቸውንም የሌላቸውንም ከአንድ እናት አስወልዳ፣ በአንድ ሳጥን አሳደገቻቸውና ባክቴሪያዋን ሰጠቻቸው። ለማረጋገጥ ያህል ብላ ነው፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ለማንም አልተናገረችም።

ውጤቱን ያየች ዕለት ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

«ሁሉም ታመሙ፣ እማ።»

ደወል የሌላቸውም? እነሱም። ከወንድሞቻቸውና ከእህቶቻቸው እኩል። የመጀመሪያው ልዩነት የመጣው ከደወሉ ሳይሆን ሆዳቸው ውስጥ ከሚኖሩት ተህዋስያን ሊሆን ይችላል ብላ አስረዳቻት። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። እናት ነገሩን እግር በእግር ስትከተል ቆይታ መሐል መንገድ ላይ ጠፋች። እና አሁን የዘበኞቹ ጩኸት ደግ ነው ክፉ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ አላውቅም አለቻት። ያን ጊዜ ያኮራት አላዋቂነት አሁን አስፈራት።

አንድ ነገር ግን እናት አላወቀችም። ልጇ ውጤቱን ለአለቃዋ አልነገረችውም። በእናት ቤት ዕቃ የሰበረ ሰው መጀመሪያ የሚነግረው ለባለ ዕቃው ነው። ላቦራቶሪው የአለቃው፣ አይጦቹም የአለቃው ናቸው። እሱ ያልሰማውን እሷ ሰምታለች ብላ በምን ትጠርጥር?

ተቋሙ የሠራተኞቹን ቤተሰብ ለጉብኝት የጋበዘው ከዚያ በኋላ ነው። እናት ነጠላ ጫማዋን ትታ የሚጠብባትን ጥቁር ጫማዋን ተጫማች። ላቦራቶሪው በር ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ፊደል በፊደል አንብባ እስክትጨርስ ልጇ በሩን ይዛ ጠበቀቻት። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ማቀዝቀዣዎቹ እንደ ንብ ያጉረመርማሉ። ያ ቶሎ ቶሎ የሚሉት ወጣት ማይክሮስኮፑን አስተካክሎ፣ እማማ የአይጥ ጨጓራ ይዩ አላት። ሮዝና ሐምራዊ ጥልፍ ነው የመሰላት። ይህ ነው እንዴ ያን ሁሉ የሚያመጣው ብላ ሆዷን ዳሰሰች።

አለቃው ሻይ ወደተቀዳበት ክፍል መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣት። ልጅዎ የዚህ ቤት ተስፋ ናት፣ ይዣት ልሄድ ነው አላት። ፈገግታው ሰፊ ነበር። እናት ግን ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ለእንግዳ የሚስቅ ሰው መሰላትና አንጀቷን በላት። እጁን ሳትለቅ፣

«በአይጦቹ ነገር እኔም በጣም አዝኛለሁ። እግዜር ያጽናዎት» አለችው።

ቶሎ ቶሎን በሳቁ መሐል ሻይ ትን አለው። አለቃውም እየሳቀ ነው የትኞቹ አይጦች ብሎ የጠየቃት። ከዚያ ልጅቷን ዞር ብሎ አያት፤ ሳቁ ቆመ።

የመለሰችው ልጅቷ ናት። «በአንድ ሳጥን ያደጉት። ልዩነት የላቸውም። ደወል የሌላቸውም ታመዋል።»

«መቼ አየሽው?»

«ሳምንት አልፎታል።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ለእናት ይቀላት ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ ልጅቷን ወደ ቢሮው ይዟት ገባና በሩን ዘጋ። ቶሎ ቶሎ ከንፈሩን እየጠረገ፣ ጽሑፉ እኮ ሰኞ ሊላክ ነበር እማማ አላት። ታዲያ አይላክም? እንጃ ብሏት እሱም ወጣ። እናት ከብስኩቱ ሳህን አጠገብ ብቻዋን ቆመች። ልጇን ያስወቀሰቻት እሷ ትሁን፣ ወይስ ወቀሳው ሳይመጣ ያዳነቻት፣ አልለይላት አለ። በሩን ላንኳኳ አለች፤ ተወችው። ይቅርታ ልጠይቅ አለች፤ ምን ብላ?

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«እንዳልነገርሽው ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግረው ነበር እኮ።» ልጅቷ ትኬቷን በጣቷ አጠፈችው። «መሰለኝ።»

«አበላሸሁብሽ?»

«አላውቅም።»

«ወይስ ደግ አደረግሁ?»

«እሱንም አላውቅም። እማ፣ እስቲ ትንሽ ተዪኝ።»

ተወቻት። ሁለቱም በየሐሳባቸው ነጉደው የሚወርዱበትን ፌርማታ አለፉት።

ጽሑፉ አልተላከም። አለቃው ሙከራው በአንድ ሳጥን ባደጉ አይጦች እንዲደገም አዘዘ፤ ሲደገምም ያው ሆነ። በስብሰባ ላይ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገናት፤ ሲያመሰግናት ግን ዓይኗን አላየም። የሚዛወርበት ተቋም ያለቀለት ግኝት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው የሚፈልገው፤ ቶሎ ቶሎ በጎን የሚሠራው ሌላ ጥናት ደግሞ አልቆለታልና ቃል የተገባላት ቦታ ለእሱ ሆነ። ለልጅቷ ነባሩ ተቋም የሆድ ተህዋስያኑን እንድታጠና አጭር ውል ሰጣት፤ ደመወዙ ያው ነው፣ ጠረጴዛው ከበፊቱ ያነሰ። እናት ይህ ሹመት ይሁን ሽረት ገና አልገባትም። ልጇን ብትጠይቃት፣ እኔም አልገባኝም ብላታለች።

አለቃው በዓመቱ መጨረሻ ሄደ። ቶሎ ቶሎም አብሮት ሄደ። ልጅቷ ቀረች።